ናካሴሮን አልፎ ካምፓላ ላይ የወደቀው ፕሮግራም

ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ መማር የጀመረ ተማሪ ብዙም ሳይቆይ ከፒፕ ጋር ይተዋወቃል። ፒፕ በማውስ የሚነካ ሥዕልም ሆነ ቁልፍ የለውም፤ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ በጽሑፍ እየታዘዘ የሚሠራ ጥቅል ጫኝ ነው። «ጥቅል» የምንለው ሌላ ሰው ጽፎ፣ ለሌሎችም እንዲያገለግል አሰናድቶ ያስቀመጠውን ፕሮግራም ነው። ለወላጆች ለማስረዳት ናካሴሮ ገበያ የሚላክን ሰው ማሰብ ይበቃል። «ዛሬ ዶሮ ወጥ ይሠራል» ብለው ቢልኩት፣ ጥሩ መልእክተኛ ዶሮዋን ብቻ አንጠልጥሎ አይመጣም፤ ሽንኩርቱንም፣ ዘይቱንም፣ እንቁላሉንም ይዞ ይመጣል። ፒፕም የተጠየቀውን ጥቅል፣ ከዚያም ጥቅሉ ለመሥራት የሚያስፈልጉትን ሌሎች ጥቅሎች ፈልጎ፣ አውርዶ፣ በየቦታቸው ያስቀምጣል።

ብዙ ጊዜ ሥራውን በሰላም ይጨርሳል። አንዳንዴ ግን መሐል ላይ ይወድቃል፤ በእንግሊዝኛ «ክራሽ» የሚባለው ነው። በዚህ ትምህርት አንድ የታወቀ አወዳደቅ እንመለከታለን። የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ውድቀቱ የሚታየው የእኛ ፊደል ባለበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ሰው «ኮምፒዩተር አማርኛ አይወድም» ብሎ እንዲደመድም ያደርጋል፤ ይህ ደግሞ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፣ ምክንያቱን ለማግኘት የፕሮግራም ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የፊደል ገበታን በቃሉ የሚያውቅና ማባዛትና መደመር የሚችል ልጅ ሁሉ ሊደርስበት ይችላል።

እናንተም ሞክሩት። አንድ ትንሽ ጥቅል እንሥራ። ሦስት ፋይል ይበቃዋል፦ ፕሮግራሙ ራሱ፣ ሴትአፕ የሚባለው የመጫኛ ፋይል፣ እና ሪድሚ የሚባለው የመግለጫ ፋይል። በሪድሚው የመጀመሪያ መስመር ላይ ያለንበትን ቦታ በአማርኛ እንጻፍ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ባዶ ቦታ ብቻ እንተው፦

ናካሴሮ ካምፓላ

በሴትአፑ ውስጥ ደግሞ፣ ጥቅሉ ሲጫን መግለጫውን ከሪድሚ እንዲያነብ በአንድ መስመር እናዛለን፦ ኦፕን(«ሪድሚ»).ሪድ()። ብዙ ሰው የሚጽፈው እንዲሁ ነው። (እዚህ ያሉትን ትእዛዞች እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ኮምፒዩተሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ነው።) ከዚያ ጥቅሉ ያለበት ማኅደር ውስጥ ሆነን «ፒፕ ኢንስቶል ነጥብ» ብለን እናዛለን። ነጥቧ «እዚሁ ያለውን» ማለት ናት። ኮምፒዩተራችን በእንግሊዝኛ የተጫነ ዊንዶውስ ከሆነ፣ ፓይተኑም ከ3.15 በፊት ከወጡት እትሞች አንዱ ከሆነ፣ ፒፕ ጥቂት ያስብና ማያ ገጹን በጽሑፍ ሞልቶ ይቆማል።

እዚህ ላይ ተማሪው የሚያደርገውን ማየት ልማዴ ሆኗል። ጽሑፉን ከላይ ጀምሮ ሁለት መስመር ያነባል፤ ይሰለቸዋል፤ ፓይተንን አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል። ዳታው ያልቃል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። የውድቀት ጽሑፍ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው። ከታች በኩል ሁለት ጠቃሚ ነገሮች ታገኛላችሁ። አንዱ የፒፕ የራሱ ማስታወሻ ነው፦ ስሕተቱ የመጣው እኔ ካስነሣሁት ሌላ ፕሮግራም ነው፤ የፒፕ ችግር ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ አታስቡ የሚል ይዘት አለው። በእኛ ምሳሌ ያ «ሌላ ፕሮግራም» ሴትአፕ ነው። ስለዚህ ፒፕን አጥፍቶ እንደገና መጫን ምንም አይፈይድም። ሁለተኛው ከዚያ ከፍ ብሎ ያለው የስሕተቱ መስመር ነው፤ ዩኒኮድ ዲኮድ ኤረር ይላል፤ ቀጥሎም በ18ኛው ስፍራ ላይ ያለውን ባይት ማንበብ አልቻልኩም ይላል። ባይቱን የሚጽፈው በ16 መሠረት አቆጣጠር «ዘጠኝ ዲ» ብሎ ነው። ዲ 13 ስለሆነ 9 ጊዜ 16 ሲደመር 13፣ ማለትም 157 ነው።

18 እና 157፤ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ሙሉውን ታሪክ ይነግሩናል።

በመጀመሪያ 18ን እንያዝ። ፋይል ለኮምፒዩተር የቁጥሮች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ከ0 እስከ 255 ሲሆን ባይት ይባላል። የላቲን ፊደል አንድ ባይት ይይዛል። የእኛ ፊደል ግን፣ ዛሬ ሁሉም በሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ፣ ሦስት ባይት ይይዛል። ኮምፒዩተሩ መቁጠር የሚጀምረው ከ0 ነው። ናካሴሮ አራት ፊደል ስለሆነ ከ0 እስከ 11 ያለውን ይይዛል። ባዶው ቦታ 12ኛው ነው። ካ 13ን፣ 14ንና 15ን ይዛለች። ም ደግሞ 16ን፣ 17ንና 18ን። ስለዚህ ፕሮግራሙ የወደቀው የካምፓላ «ም» ሦስተኛ ባይት ላይ ነው። ናካሴሮን በሙሉ፣ ካንም ጭምር አልፏል። ፊደላችንን የማይወድ ቢሆን ኖሮ ና ላይ፣ ገና በመጀመሪያው በወደቀ ነበር።

ታዲያ ም ምን አጠፋች?

ለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የሚባለውን የፊደል ሰንጠረዥ ደነገጉ። በውስጡ 128 ቦታ ብቻ ነበር፤ ለእንግሊዝኛ ይበቃል፤ ለአማርኛ ግን ቦታ አልነበረውም። ወላጆች እንደምታስታውሱት ለአማርኛ የነበረው መላ የላቲኑን ቁጥር ወስዶ የአማርኛ ሥዕል ማልበስ ነበር፤ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የመሳሰሉት የሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የማይነበብ የላቲን ክምር ይሆን የነበረው ለዚህ ነው። በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ግን ለፊደላችን የራሱን ስፍራ ሰጠው፤ ከ4608 እስከ 4991፣ 384 ቦታ። ፊደላችን በኮምፒዩተር ዓለም ደንበኛ ስፍራ እንዲኖረው ለዓመታት ከደከሙት ሰዎች መካከል ዳንኤል ያዕቆብ አንዱ ነው።

አቀማመጡ ያምራል። ልክ እንደ ፊደል ገበታ በረድፍ በረድፍ ነው፤ በየረድፉ ስምንት ቦታ አለ። ሀ 4608 ናት፣ ሁ 4609፣ ሂ 4610፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ለ ከስምንት ቦታ በኋላ 4616፣ ሐ 4624፣ መ 4632። ስለዚህ የማንኛውንም ፊደል ቁጥር ለማግኘት የረድፉን መነሻ ወስዶ ግዕዝ ከሆነ 0፣ ካዕብ ከሆነ 1፣ ሣልስ ከሆነ 2፣ ሳድስ ከሆነ 5 መደመር ነው። ም የመ ሳድስ ናት፤ 4632 ሲደመር 5፣ 4637።

አሁን 4637ን በባይት እንጻፍ። አንድ ባይት ከ255 በላይ አይይዝም፤ ስለዚህ መከፋፈል አለበት። ዩቲኤፍ-8ን በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ ሲፈጥሩ ያወጡት ሕግ እንዲህ ይሠራል፦ ሦስት ባይት የሚወስድ ፊደል ከሆነ ከመጀመሪያው ባይት 224 ቀንሶ በ4096 ማባዛት፤ ከሁለተኛው 128 ቀንሶ በ64 ማባዛት፤ ከሦስተኛው 128 ቀንሶ እንዳለ መውሰድ፤ ከዚያ ሦስቱን መደመር። የም ባይቶች 225፣ 136፣ 157 ናቸው። እናስላ፦ 1 ጊዜ 4096፣ 8 ጊዜ 64 እሱም 512፣ ከዚያ 29። ድምሩ 4637። ልክ ነው። በእጃችሁ ባለው ፓይተን ማረጋገጥ ትችላላችሁ፤ ሊስት(«ም».ኢንኮድ(«ዩቲኤፍ-8»)) ብትሉት ሦስቱን ቁጥሮች ይሰጣችኋል።

የእነዚያ 384 ቦታዎች የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ 225 ነው። ሁለተኛው ከ136 እስከ 141 ካሉት ከስድስቱ አንዱ ነው። ይህን በአእምሯችሁ ያዙት፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

እንግዲህ ፋይሉ ትክክል ነው፤ ምም ትክክል ናት። ጥፋቱ ያለው አንባቢው ዘንድ ነው። ሴትአፕ «ኦፕን» ብሎ ፋይሉን ሲከፍት በየትኛው የአጻጻፍ ሕግ እንደሚነበብ አልተናገረም። ፓይተንም ሳይነገረው ሲቀር ዊንዶውስን ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ የተጫነ ዊንዶውስ «1252» የሚባለውን የድሮ ሰንጠረዥ ይሰጠዋል። ይህ ሰንጠረዥ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ነው፤ አንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ ናን እንደ ሦስት ልዩ ልዩ የላቲን ምልክት ያነባታል። ምንም ሳይመስለው ያልፋል። ሰንጠረዡ ግን አምስት ባዶ ጉድጓዶች አሉት፤ 129፣ 141፣ 143፣ 144 እና 157። በእነዚህ ቁጥሮች ምንም ምልክት አልተመደበም። አንባቢው 157 ላይ ሲደርስ የሚያነበው የለም። ይወድቃል።

አሁን የፊደል ገበታችሁን አውጡ። ዩኒኮድ ውስጥ በየ64 ቦታው ስምንት ረድፍ ይሞላል፤ አንድ ቡድን እንበለው። የመጀመሪያው ቡድን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ ነው። ከጉድጓዶቹ ቁጥሮች 128 ብንቀንስ 1፣ 13፣ 15፣ 16፣ 29 እናገኛለን። 1 የመጀመሪያው ረድፍ ካዕብ ነው። 13 የሁለተኛው ረድፍ ሳድስ ነው፤ 8 ሲደመር 5። 15 የሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ ነው። 16 የሦስተኛው ረድፍ ግዕዝ ነው። 29 የአራተኛው ረድፍ ሳድስ ነው፤ 24 ሲደመር 5። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቡድን የሚወድቁት ሁ፣ ል፣ ሏ፣ ሐ እና ም ናቸው። ሌሎቹ ሁሉ ያልፋሉ። ይኸው ንድፍ በሁሉም ቡድን ይደገማል። ሁለተኛው ቡድን በቀ ይጀምራል፤ ቁ ትወድቃለች። ሦስተኛው ቡድን ኀ፣ ኈ፣ ነ፣ ኘ፣ አ፣ ከ፣ ኰ፣ ኸ ነው፤ ነ እና ኝ ይወድቃሉ። አራተኛው ዀ፣ ወ፣ ዐ፣ ዘ፣ ዠ፣ የ፣ ደ፣ ዸ ነው፤ ው፣ ዐ እና ዝ ይወድቃሉ። አምስተኛው በጀ ይጀምራል፤ ጁ እና ግ ይወድቃሉ።

ስድስተኛው ቡድን ግን የባሰ ነው። ሁለተኛው ባይቱ 141 ነው አላልንም? 141 ራሱ ጉድጓድ ነው። ስለዚህ በዚያ ቡድን ያለ ሁሉ ይወድቃል፤ ፀ፣ ፈ እና ፐ ከነቤተሰባቸው፣ የግዕዝ ቁጥሮች፣ ነጠላ ሰረዝና አራት ነጥብም ጭምር። ሪድሚያችን ላይ በሁለቱ ቃላት መካከል ነጠላ ሰረዝ አድርገን ቢሆን ኖሮ ፕሮግራሙ ካምፓላ ሳይደርስ እዚያው ይወድቅ ነበር። በአራት ነጥብ የሚዘጋ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በዚህ ሰንጠረዥ በሰላም አይነበብም። «ነው» የምትለዋ ቃልማ ሁለቱም ፊደሎቿ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው! ያለ «ነው» አማርኛ የሚጽፍ ሰው ካለ ይምጣና እንየው።

ሦስት ተማሪዎች ያንኑ ጥቅል በሦስት ኮምፒዩተር ሞክረው ሦስት የተለያየ ነገር ቢያዩ አይገረሙ። ማክ ወይም አዲስ ሊኑክስ ላይ ያለምንም ችግር ይጫናል፤ እዚያ ያልተነገረው ፓይተን የሚወስደው ዩቲኤፍ-8ን ነው። ዊንዶውስ ላይ 18ኛው ባይት ላይ ይወድቃል። ቋንቋ ያልተመደበለትና ከ3.7 በፊት የወጣ ፓይተን ያለው ሊኑክስ ላይ ደግሞ የሚያነበው በአስኪ ስለሆነ ከ127 በላይ የሆነ ባይት ሁሉ አይገባውም፤ 0ኛው ባይት ላይ፣ 225 ላይ ይወድቃል። አራተኛ ተማሪ ደግሞ «ዊል» በሚባለው ዝግጁ ቅርጽ የመጣ ጥቅል ቢጭን፣ ሴትአፕ ቀድሞ ሌላ ቦታ ስለሠራ፣ ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ምንም አያይም። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው።

እስካሁን የወደቀውን ተመለከትን። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን የማይወድቀው ነው። ይህንኑ ስሕተት የያዘ መስመር የትምህርት ቤት የስም ዝርዝር በሚያነብ ፕሮግራም ውስጥ አለ እንበል። ዝርዝሩ ላይ ሳራ፣ ዳዊት እና ሰላም በየመስመራቸው ተጽፈዋል። የሳራና የዳዊት ፊደሎች በሙሉ ከጉድጓዶቹ ውጪ ናቸው። ፕሮግራሙ ሰላም ላይ፣ ም ላይ ይወድቃል። የቸኮለ ሰው «ችግሩ የዚህች ልጅ ስም ነው» ብሎ ሰላምን በላቲን ይጽፋታል። ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሰርተፊኬቱ ሲታተም ግን የተበላሸው የሳራና የዳዊት ስም ሆኖ ይገኛል። በሳ ምትክ ጭረት የተደረገበት የላቲን ኤ፣ ትንሽ ቆብ እና ትንሽዬ 3 ይወጣሉ። በራ ምትክ ደግሞ ያው ኤ፣ ያው ቆብ፣ ከዚያ የጥቅስ መክፈቻ። የሰላም ስም መውደቁ እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ስለዚህ የወደቀን ፕሮግራም «እንዳይወድቅ» ከማድረጋችን በፊት በሰላም ያለፉትን መመርመር አለብን።

በዚህም ምክንያት ሁለት ዓይነት ምክር ስትሰሙ አትቀበሉ። አንደኛው «ስማችሁን በላቲን ጻፉት» የሚለው ነው። ይህ ልጅን ስሟን አስለውጦ ስሕተቱን ባለበት መተው ነው። ሁለተኛው ፕሮግራሙ የማይነበበውን ባይት ዝም ብሎ እንዲጥል ማዘዝ ነው፤ ፓይተን ውስጥ «ኢግኖር» በሚል ቃል ይታዘዛል። እንዲህ ሲደረግ የም ሦስተኛ ባይት ይጣላል፤ የቀሩት ሁለቱ ትርጉም የሌላቸው ምልክቶች ይሆናሉ፤ የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም።

ትክክለኛው ጥገና አንድ ሐረግ ነው። ፋይሉ የተጻፈበትን ሕግ ለአንባቢው መንገር፦ ኦፕን(«ሪድሚ»፣ ኢንኮዲንግ=«ዩቲኤፍ-8»).ሪድ()። ይህን ጨምራችሁ «ፒፕ ኢንስቶል ነጥብ» ብትሉ ናካሴሮም ካምፓላም፣ ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም በሰላም ያልፋሉ። በሦስቱም ኮምፒዩተር ላይ ውጤቱ አንድ ይሆናል። አዲስ ጥቅል የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ መግለጫውን በሴትአፕ ከማስነበብ ይልቅ ፓይፕሮጀክት በሚባለው አዲሱ ፋይል ማመልከት ይሻላል፤ በዚያ መንገድ የሚነበብ ሪድሚ ዩቲኤፍ-8 እንደሆነ እንዲወሰድ ደንቡ ራሱ ያዛል።

ጥቅሉ የሌላ ሰው ቢሆንስ? ያኔ ፓይተንዩቲኤፍ8 የሚባለውን የሥርዓት ተለዋዋጭ 1 አድርጋችሁ፣ የትእዛዝ መስኮቱን ዘግታችሁ ከፍታችሁ እንደገና ሞክሩ። ከ3.7 እትም ጀምሮ (2018 የወጣው ነው) ፓይተን ይህን ሲያይ ዊንዶውስን መጠየቁን ትቶ ሁሉንም በዩቲኤፍ-8 ያነባል። ይህ ግን ለእናንተ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ለጥቅሉ ባለቤት የስሕተቱን የመጨረሻ መስመርና የፓይተኑን እትም ጽፎ መላክ ደግሞ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያድናል። አንድ ሐረግ ብቻ ስለሆነ ብዙ ባለቤቶች ለማረም አይከብዳቸውም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አለመሆኑንም እወቁ። ጃፓናዊው የፓይተን ገንቢ ኢናዳ ናኦኪ «597» ቁጥር በተሰጠው የፓይተን ማሻሻያ ሐሳቡ ላይ በብዛት የሚወርዱትን 4000 ጥቅሎች ጠቅሷል። ከእነሱ 489ኙ ሪድሚያቸው ውስጥ ከአስኪ ውጪ የሆነ ምልክት ነበራቸው። 82ቱ ደግሞ ልክ በዚህ ስሕተት ምክንያት ዩቲኤፍ-8 በማይጠቀም ኮምፒዩተር ላይ ከምንጫቸው መጫን አይችሉም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የደራሲው ስም፣ የቅጂ መብት ምልክት ወይም አንዲት የስልክ ፈገግታ ሥዕል ነው። የእሱ ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ በ2021 የወጣው 3.10 ፓይተን፣ ከተጠየቀ፣ «የአጻጻፉን ሕግ አልነገርከኝም» ብሎ ማስጠንቀቅ ጀመረ። ከ3.15 ጀምሮ ደግሞ ያልተነገረው ፓይተን ዩቲኤፍ-8ን እንዲወስድ ተወስኗል። እስከዚያ ድረስ የወጡት እትሞች ግን በየቤቱ ላሉ ብዙ ዓመታት ይቆያሉ፤ ሐረጓን መጻፍ ተዉ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት።

ፒፕ ራሱም ንጹሕ አልነበረም። ከ2018 በፊት፣ ከ10ኛው እትሙ በፊት ማለት ነው፣ ያስነሣው ፕሮግራም ወድቆ በሌላ አጻጻፍ የስሕተት መልእክት ሲልክለት፣ ፒፕ መልእክቱን ለማንበብ ሲሞክር እሱም ይወድቅ ነበር። መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ ራሱን ስቶ እንደመውደቅ ነው፤ ቤተሰቡ የሚያየው የወደቀውን መልእክተኛ እንጂ የሞተውን ሰው አያውቅም። ዊንዶውሳቸው በቻይንኛ ወይም በኮሪያኛ የሆነ ሰዎች በዚህ ብዙ ተቸግረዋል። በ10ኛው እትም የተደረገው ጥገና አስተዋይ ነው። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ በሚጠቀምበት ሰንጠረዥ ለማንበብ ይሞክራል፤ ካልሆነለት ያስጠነቅቅና የማይነበበውን ባይት በቁጥሩ ጽፎ የቀረውን መልእክት እንዳለ ያሳያል። «ኢግኖር» ከሚለው ጋር ያለውን ልዩነት አስተውሉ፤ እዚህ ምንም አልተጣለም፤ ያልተነበበው እንዳልተነበበ ተነግሯል።

ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ያለ የድሮ ፋይል በላቲን ኤዎችና በቆቦች ተሞልቶ ቢያገኙት ወዲያው አይጣሉት። ዩቲኤፍ-8 ሆኖ ሳለ በ1252 የተነበበ ሊሆን ይችላል፤ ባይቶቹ ሳይጎድሉ ካሉ ወደ 1252 መልሶ በዩቲኤፍ-8 ማንበብ አማርኛውን ይመልሰዋል። በጥያቄ ምልክት የተሞላ ከሆነ ግን ፊደሎቹ ሲቀመጡ ጠፍተዋልና አይመለሱም። የዊንዶውስ ኖትፓድ ከ2019 በፊት ሲያስቀምጥ በራሱ የሚመርጠው የድሮውን ሰንጠረዥ ነበር፤ ዛሬ ዩቲኤፍ-8ን ይመርጣል።

ለተማሪዎች መልመጃ። ገነት፣ ብርሃኑ፣ ፍቅር እና ሄኖክ የሚሉት ስሞች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በአንድ ፋይል ተጽፈው በ1252 ቢነበቡ፣ የትኞቹ ይወድቃሉ? በስንተኛው ባይትስ? መቁጠር ከ0 እንደሚጀምር አትርሱ። የገነት መልስ 5 ነው፤ ለምን እንደሆነ በገበታው አሳዩ። ፍቅር የምትወድቀው እንደ ገነት በሦስተኛ ባይት ምክንያት አይደለም፤ ፈ የስንተኛው ቡድን እንደሆነች ተመልከቱ። ከዚያ የራሳችሁን ስም፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም አስሉ፤ ጎንደርንና ጎጃምንም አወዳድሩ። መልሳችሁን በወረቀት ከጨረሳችሁ በኋላ በፓይተን አረጋግጡ።